የጎማ ዛፌ ኮርኒስ ነካ፤ ጫፉን ቆርጬ ሌላ ተክል ላወጣበት እችላለሁ?

ሸገር_በረንዳ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሳሎናችን ያለው የጎማ ዛፍ ኮርኒስ ነክቶ ጫፉ መጉበጥ ጀምሯል። ይሄ ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቀይ ሽፋን የሚጥለው ነው። ከግማሽ በታች ራቁቱን ነው፤ ቅጠል ያለው ላይኛው ላይ ብቻ። ባለቤቴ "ወይ ይቆረጥ ወይ ለጥበቃው ይሰጥ" ብላለች። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ውጭ ማውጣት አይታሰብም፤ በረንዳችን ለልብስ ማስጫ እንኳ አይበቃም።

ጥያቄዬ፦ ጫፉን ብቆርጠው ውሃ ውስጥ ሥር ያወጣል? የቀረው ግንድስ ይደርቃል? ቴሌግራም ላይ አንዱ ማር ቀባው ይላል፣ ሌላው እሬት፣ ሌላው ቀረፋ። ግራ ገብቶኛል። አያት አካባቢ ነኝ፣ ሳሎኑ በጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ግንዱ ጫፉ ላይ አውራ ጣቴን ያክላል።

ሚጡ_ቅጠል፦
ኧረ ምንም አያስጨንቅም! ቁረጠውና ውሃ ውስጥ ክተተው፣ በቃ። እኔ መሥሪያ ቤት ካለው ትልቁ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ለምኜ ወሰድኩ። የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ግንዱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያብጣል፣ ከዚያ ከነጠብጣቡ ሥር ይወጣል። ዛሬ ወገቤ ደርሷል። ውሃውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ብቻ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

አግሮ_ሐዋሳ፦
ሚጡ ያልሽው እውነት ነው፤ በውሃ ይወጣል። ግን የቅርንጫፉ መጠን ይወስነዋል። አንቺ የወሰድሽው ቀጭን፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ያለው ይሆናል። ሸገር ያንተ ግን አውራ ጣት የሚያክል ግንድ ነው፤ ቅጠሉም ብዙና ሰፋፊ። ሲቆረጥ ውሃ የሚያመጣለት ሥር የለም፤ ቅጠሎቹ ግን ውሃ ማትነናቸውን አያቆሙም። ሥር እስኪመጣ ድረስ ግንዱ ይጨማደዳል፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይረግፋል። ሊተርፍ ይችላል፤ ግን ዕድል ነው።

እኔ ብሆን አሁን አልቆርጠውም። እዚያው እናቱ ላይ እንዳለ ሥር እንዲያወጣ አደርገዋለሁ። ኤር ሌየሪንግ ይሉታል። የጎማ ዛፍ ከሌሎች ተክሎች ይልቅ ለዚህ የተመቸ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ተክል ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን ቁመት ከጫፉ ወደ ታች ለካ፤ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። እዚያ ጋ ያሉትን ሁለት ቅጠሎች አንሳ። ከአንጓው፣ ማለትም ቅጠል ከወጣበት ቀለበት፣ ትንሽ ዝቅ ብለህ በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ግንዱን ዙሪያውን ጫረው። 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረድ ብለህ ሁለተኛ ዙር ጫር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልጥ ላጠው። ነጭ ወተት ይፈስሳል፣ አትደንግጥ፤ እርጥብ ጨርቅ ያዝ፣ መሬቱ ላይም ጋዜጣ አንጥፍ። ወተቱ ሶፋ ላይ ከነካ ባለቤትህ አንተን ነው ለጥበቃው የምትሰጠው።

ልጡ ሲነሳ ከሥሩ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ታገኛለህ። እሱን በምላጩ ጀርባ ፍቀው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ያ ሽፋን ከቀረ ተክሉ ቁስሉን ራሱ ያድነዋል፣ ልጡ መልሶ ይገናኛል፣ ሥር የሚባል ነገር አታይም። ጣትህ ሲነካው ማዳለጡ ጠፍቶ ደረቅ እንጨት መሆን አለበት።

ከዚያ በውሃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ሞስ (ውሃ የሚይዝ፣ ደርቆ የሚሸጥ ለስላሳ ተክል)፣ ጭብጥ የሚሞላ፣ በቁስሉ ዙሪያ ከላይም ከታችም ትንሽ አልፎ እንዲሸፍን አድርግ። በላስቲክ ጠቅልለህ ላይና ታቹን በሲባጎ እሰር። በላዩ ላይ ጥቁር ፌስታል ደርብ፤ ሥር ጨለማ ይወዳል። በየጊዜው ፌስታሉን ገልጠህ ማየት ትችላለህ።

ለምን ይሠራል? ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በመሃል እንጨቱ ነው፤ እሱን አልነካነውም። ስለዚህ ቅጠሉ አይጠወልግም። ቅጠሉ የሠራው ምግብና ኦክሲን የሚባለው ሥር አስወጪ ሆርሞን ግን ወደ ታች የሚወርዱት በልጡ በኩል ነው። መንገዱን ስትዘጋባቸው ከተላጠው ቦታ በላይ ይጠራቀማሉ። ሥር የሚፈነዳውም እዚያ ነው።

ስለ ማር፦ ማር ሻጋታን ቢከላከል ነው እንጂ ሥር አያስወጣም። ቀረፋም ያው። እሬት ቀባህ አልቀባህ ለውጥ አላይበትም። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት አይቢኤ የሚባል፣ ኦክሲንን የሚተካ ንጥረ ነገር አለበት። ካገኘህ ከተላጠው ቦታ በላይ ባለው ጠርዝ ላይ በትንሹ ቀባ። ካላገኘህም ተወው፣ የጎማ ዛፍ ያለሱ ያወጣል።

ሸገር_በረንዳ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ሞስ የት ይገኛል? የጠየቅኳቸው ችግኝ ሻጮች በሙሉ "አበባ ነው?" ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ደግሞ አሁን ጥር ነው፣ ሌሊት ሌሊት ቤታችን ይበርዳል። ይጀመራል?

አግሮ_ሐዋሳ፦
ሞስ ከሌለ ሰጋቱራ ይሠራል። ግን ከአናጺ ቤት ዛሬ የወጣውን አይደለም፤ ከርሞ የጠቆረውን። ቀለም ወይም ኬሚካል ከነካው እንጨት፣ ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የወጣ እንዳይሆን። አበባ እርሻ አካባቢ ሰው ካለህ ኮኮፒት፣ ማለትም የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ ጠይቅ፤ እሱ ከሁሉም ይሻላል። ሁለቱንም በእጅህ ጭመቀው፤ ጠብታ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። ውሃ የበዛበት ከሆነ ቁስሉ ይበሰብሳል፣ ሲከፈት ይሸታል።

ስለ ወቅቱ ጥሩ ጠየቅህ። እኔ ከሆርሞንም ከማርም በላይ የማምነው ሙቀትን ነው። ይሄ ዛፍ አገሩ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ኢንዶኔዥያ ያለው ሞቃትና እርጥብ ደን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚህ ብርድ ተክሉ አይሞትም፤ ሥር ለማውጣት ግን ይለግማል። የካቲት አጋማሽ ላይ ጀምር። ከዚያ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለአዲስ አበባ ሞቃቱ ነው። ክረምትን ግን አልመክርህም። ሰው "ዝናብ ነው፣ ሁሉ ይበቅላል" ይላል። ደጅ ያለው ይበቅላል። ሳሎን ውስጥ ያለው ክረምት ላይ ብርሃን የለውም፣ ሙቀት የለውም።

ሚጡ_ቅጠል፦
እኔኮ ነሐሴ ላይ ነው በውሃ ያወጣሁት 😄

አግሮ_ሐዋሳ፦
ጠርሙሱ የት ነበር የተቀመጠው?

ሚጡ_ቅጠል፦
ኩሽና መስኮት ላይ፣ ከፍሪጁ ጎን።

አግሮ_ሐዋሳ፦
በይ እንግዲህ፣ ኩሽናው ሞቆልሻል። ምድጃም ፍሪጅም አለ። ነገሩ ያው ሙቀት ነው።

እትዬ_ወለተ፦
ልጆች እኔ እርሻ አልተማርኩም፣ ግን ስለ ታችኛው ግንድ ጠይቆ መልስ ያላገኘ ልጅ አየሁና ነው። አትስጋ ልጄ፣ አይደርቅም። እኛ ጉራጌ አገር እንሰት ስናራባ መጀመሪያ የምናደርገው አንገቱን መቁረጥ ነው። ከዚያ አሚቾው፣ ማለትም አፈር ውስጥ ያለው ወፍራሙ ሥር፣ መሃል ያለውን እምቡጥ እናወጣዋለን፣ ፍግ እንሞላበታለን፣ አፈር እናለብሰዋለን። መሃሉ ካልጠፋ አንድ ብቻ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል። መሃሉ ሲጠፋ ግን ከዙሪያው ብዙ ልጅ ያወጣል። ይሄ የጎማ ዛፍም አናቱ ሲነሳለት ከጎኑ ያበቅላል። እህቴ ቤት ያለው እንዲሁ ነው፣ አናቱ ተቆርጦ አሁን ሦስት ቅርንጫፍ ሆኗል።

አግሮ_ሐዋሳ፦
እትዬ፣ ትምህርት ቤት የነገሩን ይኸንኑ ነው፣ እርስዎ ቀደሙን። የጫፉ እምቡጥ የሚልከው ሆርሞን የጎን እምቡጦችን አፍኖ ያስተኛቸዋል። እሱ ሲነሳ እነሱ ይነቃሉ። ሸገር፣ የቀረው ግንድ ቅጠል ባይኖረውም የወደቁት ቅጠሎች ጠባሳ አለ አይደል? ከእያንዳንዱ ጠባሳ በላይ የተኛ እምቡጥ አለ። ከቆረጥክ በኋላ ውሃውን ቀንስ፤ ቅጠል የሌለው ግንድ ብዙ አይጠጣም። ብርሃን ግን አትንፈገው።

ድሬ_ፀሐይ፦
ከድሬ ሰላም! እኛ ጋ ችግሩ ሌላ ነው። እዚህ ሥር ለማውጣት ጊዜ አይፈጅም፣ ሙቀቱ ይረዳዋል። ግን ያ ጥቁር ፌስታል ፀሐይ ካገኘው ውስጡ ይቀቀላል። እኔ ከላስቲኩ በላይ ነጭ ጨርቅ ነው የማስረው፣ ጥላ ውስጥ። የውስጡ ሰጋቱራም ቶሎ ይደርቃል። በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ከላይ በኩል ትንሽ ውሃ መጨመር ነው። ቆላ ያላችሁ ይሄን አስቡ።

ሸገር_በረንዳ፦
ሲሪንጁ ጥሩ ሐሳብ ነው። ፋርማሲ በርካሽ ይገኛል።

ቅጠል_ሸማች፦
እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ። ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡት ከአንዷ "ሥር ያወጣ የጎማ ዛፍ" ብላ አንድ ቅጠል በብርጭቆ ውሃ ሸጠችልኝ። ሥሩ እውነት ነው፣ ያምራል፣ ጢም ይመስላል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያው አንድ ቅጠል ነው። አይሞትም አያድግም። ምን ጎድሎት ነው?

አግሮ_ሐዋሳ፦
እምቡጥ ነው የጎደለው። ቅጠል ብቻውን፣ ከእግሩ (ከግንዱ ጋር ከሚያያይዘው ዘንግ) ጋር ቢሆንም፣ ሥር ማውጣት ይችላል። ግንድ መሆን ግን አይችልም። አዲስ ግንድ የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ብብት ላይ ካለው እምቡጥ ነው። ከቅጠሉ ጋር ትንሽ የግንድ ቁራጭ፣ አንድ አንጓ ከነእምቡጡ፣ ተያይዞ ቢቆረጥ ኖሮ ዛሬ ቡቃያ ነበረው። ስለዚህ ስትገዙ ቅጠሉን ሳይሆን የእግሩን መጨረሻ እዩ። ግንድ የለውም? አትግዙ። ያንተን ውኃው እስካለ ድረስ እንደ ጌጥ አስቀምጠው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቅበት።

ሞንስቴራና ፖቶስ የሚባሉት የቤት ተክሎችም እንዲሁ ናቸው። አንጓ የሌለው ቁራጭ ሥር እያወጣ ያታልላል።

ቅጠል_ሸማች፦
ተሸወድኩ በለኛ። ይሁን፣ ቢያንስ አወቅኩት።

እናት_እና_ድመት፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ በኃይል። ሐኪም ቤት የላቴክስ ጓንት አለርጂ የሆነበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ የፕላስቲክ ጓንት ያድርግ። ዓይን ከነካ ብዙ ውሃ። ድመቴ አንዴ የወደቀ ቅጠል አኝካ ስታስመልስ ነው ያደረችው። ሕፃን ያለበት ቤት ቆረጣውን ልጁ ሲተኛ አድርጉት፣ ምላጩንም ወተቱንም ወዲያው አንሱ።

ሸገር_በረንዳ፦
በጣም ጥሩ ነው ያስታወስሽኝ። ልጃችን የሚያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው።

የገጠር_ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ የጎማ ዛፍ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ሦስቱም ፋይከስ የሚባለው የዛፍ ወገን ናቸው። ሾላ ሲቆረጥ የሚወጣውን ወተት ያየ ሰው ያውቀዋል። በአካባቢያችን ጭብሃ የሚባለውን ሌላ ዘመዳቸውን ለአጥር ስንተክል ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ ቆርጠን መሬት ውስጥ መቸንከር ነው፣ ይጸድቃል። ዘር የሚዘራ የለም። ለዚህኛውስ ለምንድነው ዘር የማይሸጠው? ፍሬ አያፈራም እንዴ?

አግሮ_ሐዋሳ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ የፋይከስ ዝርያ በአብዛኛው የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ተርብ አለችው። አበባው ያለው ፍሬ በሚመስለው እምቡጥ ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ እሷ ካልገባች አይዳቀልም። የሾላ ተርብ እዚህ አለች፤ የጎማ ዛፍ ተርብ ግን የቀረችው እስያ ነው። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ ያረጀ የጎማ ዛፍ ብታይ እንኳ የሚበቅል ዘር አይሰጥህም። እዚህ የምታየው ሁሉ ከቁራጭ የመጣ ነው።

ደጅ ያለው ከግንዱ ወደ ታች እንደ ገመድ የሚለቀው ሥርም አለ። በሕንድ ሜጋላያ የሚኖሩት የካሲ ሕዝቦች ያንን የአየር ሥር ወንዝ አሻግረው እየጎተቱ፣ እያጠላለፉ፣ ሰው የሚሄድበት ድልድይ ያሳድጉበታል። በሕይወት ያለ ድልድይ ነው፤ ዓመት በሄደ ቁጥር ይጠነክራል። ሥር ማውጣት የማይከብደው ዛፍ መሆኑን ከዚህ እዩት።

ስቶክሆልም_ናት፦
እናንተ ስለ ጥር ብርድ ስታወሩ ሳቅኩ። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ቤቱ ይሞቃል፣ ችግሩ ብርሃኑና የአየሩ ድርቀት ነው። የማሞቂያው ቱቦ መስኮት ሥር ስለሆነ ቁራጩን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ቅጠሉ ይደርቅበታል። እኔ ቁራጩን ግልጽ ላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ የተክል መብራት በላዩ።

አሁን ጥያቄ አለኝ። እናቴ ግቢ ውስጥ አባቴ የተከለው የጎማ ዛፍ አለ። በፋሲካ ስመጣ አንድ ቁራጭ በሻንጣ ባመጣው ምን ይመስላችኋል? እርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ።

መንገደኛ_ብራስልስ፦
እህቴ ዝም ብለሽ እንዳታመጪው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2019 ታኅሣሥ ጀምሮ ጠብቋል። ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሕይወት ያለው ተክል በሙሉ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ነፃ የሆኑት ፍሬዎች አምስት ናቸው፦ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ዱሪያን፣ ሙዝና ተምር። የተክል ቁራጭ ውስጡ የለም። ወረቀቱ የሚወጣው ከላኪው አገር፣ ከጉዞ በፊት፣ ተክሉ ተመርምሮ ነው። አፈር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። እዚህ ጉምሩክ ላይ ሲወሰድባቸው አይቻለሁ፣ የበሶብላ ችግኝ እንኳ።

ስቶክሆልም_ናት፦
ይሄን አላውቅም ነበር። እንግዲያው ወረቀቱን ከዚያው እጠይቃለሁ። ካልሆነም እናቴ ቁራጩን እዚያው ታሳድገው።

ሸገር_በረንዳ፦
ሰላም፣ ወሬ ይዤ መጣሁ። ግንቦት ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ እንደተባልኩት ላጥኩት፣ ሽፋኑን ፋቅኩት፣ ያረጀ ሰጋቱራ ጠቀለልኩበት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ባለቤቴ "ለግንዱ ፋሻ አሰርክለት" እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታሳየው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ፌስታሉን ስገልጠው ግን በላስቲኩ ውስጥ ነጭ ሥር ዞሮ ዞሮ ይታያል! ጫፉ ቢጫ ቢጫ ያለው፣ አንዳንዱ ቡናማ ሆኗል። አሁን ልቁረጠው? ወይስ ይቆይ?

አግሮ_ሐዋሳ፦
እንኳን ደስ አለህ! ሥሩ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ትንሽ ይቆይ። ዙሪያውን ከሞላው ቁረጥ። ከታችኛው ሲባጎ በታች በስለታም መጋዝ ወይም መቀስ። ላስቲኩን አንሳ፣ ሰጋቱራውን ግን ከሥሩ ላይ ለማራገፍ አትታገል። አዲስ ሥር ሲነካ ይቀነጠሳል። እንዳለ ትከለው።

አፈሩ ላይ ተጠንቀቅ። አያት አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለማሰሮ ተክል አይሆንም። የጫካ አፈር ወይም የበሰለ ኮምፖስት ግማሽ፣ የቀረውን ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ወንፍተህ ደባልቅ። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ጋ አንድ ከረጢት ብትጠይቅ ይበቃሃል። ማሰሮው ከሥሩ ትንሽ ብቻ ይበልጥ እንጂ ትልቅ አታድርገው፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይበሰብሳል። ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ያለ ቀዳዳ ማሰሮ ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም።

ከዚያ በቀጥታ ፀሐይ አታሳየው። ትልልቆቹን ቅጠሎች ጠቅልለህ በሲባጎ ላላ አድርገህ እሰር፤ የሚያተንነው ይቀንሳል። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አትስጠው።

ሸገር_በረንዳ፦
ቆረጥኩት፣ ተከልኩት። ከታች ሁለት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ሌላው ደህና ነው። የሚያሰጋ ነው?

አግሮ_ሐዋሳ፦
አይደለም። የታችኛው ነው የወደቀው፤ ሥሩ ገና ሁሉንም መመገብ አልቻለም። የጫፉ ቅጠል ቢጠቁር ወይም ግንዱ ሲጨበጥ ቢለሰልስ ኖሮ ነበር የምንደነግጠው። ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓው አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ደርቆ ካገኘኸው አጠጣ፣ ካልሆነ እለፈው።

እትዬ_ወለተ፦
ታችኛውስ ልጄ? አበቀለ?

ሸገር_በረንዳ፦
እትዬ፣ ከቆረጥኩበት ዝቅ ብሎ ሁለት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ፈንድቷል። አንዱ ቀዩን ሽፋን ጀምሯል። ባለቤቴ አሁን ማንም አይወስደውም ብላለች።

ሚጡ_ቅጠል፦
ጎሽ! እኔ ደግሞ ሳንሴቬሪያ ላራባ ነው። ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ጠርዙ ቢጫ። ቅጠሉን ቆራርጬ ውሃ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

አግሮ_ሐዋሳ፦
እሱ ከቅጠል ቁራጭ ይወጣል፣ ከጎማ ዛፍ በዚህ ይለያል። ግን ከቅጠል የሚወጣው ልጅ ቢጫውን ጠርዝ አይዝም፤ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቢጫው የጠርዙ ሴሎች ብቻ የያዙት ስለሆነ አዲሱ እምቡጥ አይወርሰውም። ጠርዙን ከፈለግሽ ከማሰሮው አውጪና ከነሥሩ ከፋፍይው። ቁራጮቹንም አትጣያቸው፣ አረንጓዴውም ያምራል። የትኛው ጫፍ ከታች እንደነበር ግን ምልክት አድርጊ፤ ተገልብጦ የተተከለ ሥር አያወጣም።

ሚጡ_ቅጠል፦
ውይ፣ ሁሉንም ደባልቄያቸዋለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

አግሮ_ሐዋሳ፦
ፎቶ ላኪ።